አፈርና የመሬት አቀማመጥ ለቀይ ወይን ጠጅ ጠባይ ያላቸው ድርሻ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

የወይን ተክል ለማልማት ያሰቡ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደ እኛ ሲመጡ በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የትኛው ዝርያ ይሻለናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይህም «የትኛው መሬት ላይ?» የሚለው ነው። በዝርያ ምርጫ ስሕተት ቢፈጠር በነባሩ ግንድ ላይ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ በማዳቀል ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ማረም ይቻላል። የወይን ግንድ ግን በአግባቡ ከተያዘ ከ30 ዓመት በላይ ምርት የሚሰጥ በመሆኑ በመሬት ምርጫ የተፈጸመ ስሕተት ዕዳው ለልጆች ይተርፋል።

ቡና የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የአዘገጃጀቱ ልዩነት እንዳለ ሆኖ የሐረር ቡናና የይርጋ ጨፌ ቡና በስኒ ውስጥ እንደማይመሳሰሉ ማንም ያውቃል። ወይንም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ከቡና ይልቅ በወይን ላይ የመሬቱ ጠባይ ጎልቶ ይታያል፤ ከወይንም በቀዩ ላይ ይበልጥ ይታያል። ምክንያቱን ለመረዳት ከፍሬው መጀመር ያስፈልጋል።

ቀለሙና ጥንካሬው ከየት ይመጣል?

አንድ ጥቁር የወይን ፍሬ በሁለት ጣት ጨምቀን ብናየው የሚወጣው ጭማቂ ቀይ አይደለም፤ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር ውኃ የመሰለ ነው። ቀለሙ ያለው በልጣጩ ውስጥ ነው። ብዙ የፈላ ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፍን ጨምድዶ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ለቀይ ወይን ጠጅ ጥንካሬ የሚሰጠውና በማቆየት እንዲሻሻል የሚረዳው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገርም የሚገኘው በልጣጩና በዘሩ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው ጭማቂው ከነልጣጩና ከነዘሩ እንዲፈላ ተደርጎ ስለሆነ ልጣጩ ያለውን ለጭማቂው ያካፍላል። ነጩ ግን ጭማቂው ተለይቶ ከወጣ በኋላ ይጠመቃል።

እንግዲህ ሂሳቡ ቀላል ነው። ፍሬው ትንሽ ሲሆን ልጣጩ ከጭማቂው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይሆናል፤ ጠጁም ይጠቁራል፣ ይጠነክራል። ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ያው ልጣጭ ብዙ ጭማቂ ማቅለም ስላለበት ጠጁ ይሳሳል። የፍሬውን መጠን በይበልጥ የሚወስነው ደግሞ ፍሬው ከተቋጠረበት ጊዜ አንሥቶ ቀለም መለወጥ እስከሚጀምርበት ጊዜ ድረስ ሥሩ የሚያገኘው የውኃ መጠን ነው።

ውኃ ሲበዛ ሌላም ጣጣ ይከተላል። ቀንበጡ ማደጉን አያቆምም። ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር ወደ ዘለላው መሄዱ ቀርቶ ለአዲስ ቅጠል ይውላል። ዘለላው በጥላ ውስጥ ስለሚውል ቀለሙ ደካማ ይሆናል፤ ጠጁም ጥሬ ቃሪያ ጥሬ ቃሪያ ይሸታል፤ በተለይ በካበርኔ ሶቪኞን ዝርያ ላይ ይህ ሽታ ጎልቶ ይወጣል። በአንጻሩ ተክሉ በመጠኑ ሲጠማ የቀንበጡ እድገት ይቆማል፣ ስኳሩ ወደ ፍሬው ይሄዳል፣ ልጣጩ ቀለምና ታኒን ያከማቻል። በመጠኑ ማለታችን ሊሰመርበት ይገባል። ጥሙ ከልክ ሲያልፍ ቅጠሉ ሥራውን ያቆማል፤ ከሥር ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ፤ ፍሬውም ሳይበስል ይጨማደዳል።

ስለዚህ አፈር የቀይ ወይን ጠጅን ጠባይ የሚወስነው በዋነኛነት ውኃ በመስጠትና በመንፈግ ነው። ይህ ጽሑፍ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ አሳብ ዙሪያ ነው።

ከቦርዶ የተገኘ ትምህርት

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጥናት ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ የሚገኘው የቦርዶ ወረዳ ነው። በወረዳው ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የተባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይፈጥራሉ። ከወንዙ በስተግራ ሜዶክ፣ በስተቀኝ ደግሞ ሴንት ኤሚሊዮንና ፖሜሮል የሚባሉት የወይን አገሮች ይገኛሉ። የአየሩ ጠባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም፤ ጠጃቸው ግን ይለያያል።

ሜዶክ ውስጥ ወንዞቹ በጥንት ዘመን ከተራሮች ጠርገው ያመጡት ጠጠር ተከምሮ ዝቅተኛ ጉብታዎች ሠርቷል። አንድ ገበሬያችን ቢያየው «ይህማ ለመንገድ ሥራ እንጂ ለእርሻ አይሆንም» ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዓለም የታወቁት ቀይ የወይን ጠጆች የሚገኙት ከነዚህ ጉብታዎች ነው። በጉብታዎቹ መካከል ያሉት ዝቅተኛና እርጥብ ቦታዎች በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ መሐንዲሶች እየተጠነፈፉ ለእርሻና ለግጦሽ ውለዋል። ገበሬዎቹ የጠጠሩን ጉብታ ለወይን፣ ጥቁሩን ቆላማ መሬት ለከብት አድርገው የከፋፈሉት ማንም ሳይንቲስት ሳይነግራቸው ነው።

የጠጠሩን ምሥጢር በሚገባ የመረመሩት የቦርዶ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ተመራማሪ ዤራር ሴጊን ናቸው። እርሳቸው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ባካሄዱት ጥናት ጥሩ ወይን ጠጅ የሚሰጡትን አፈሮች ከሌሎቹ የሚለይ አንድም የተወሰነ ማዕድን አላገኙም። ከጠጠር፣ ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ጥሩ ጠጅ ይገኛል፤ ከኮምጣጣም ከኖራማም አፈር ይገኛል። የጋራ ጠባያቸው ሆኖ የተገኘው ዝናብ ሲበዛ ትርፉን ውኃ ፈጥነው የሚያሳልፉ፣ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ለተክሉ ጥቂት በጥቂት የሚያቀምሱ መሆናቸው ነው። ጠጠር ይህን የሚያደርገው ውኃ የመያዝ ችሎታው ዝቅተኛ በመሆኑና ሥሩ በጥልቀት እንዲወርድ ስለሚፈቅድ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮርኔሊስ ቫን ሌዌንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሴንት ኤሚሊዮን አካባቢ ከ1996 እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) ለአምስት የምርት ዘመናት ያካሄዱት ጥናት ውጤት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሦስት ዝርያዎች በሦስት ዓይነት አፈር ላይ ጎን ለጎን ተፈተኑ። አንደኛው አፈር ጠጠራማ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ከባድ ሸክላ ያለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ አሸዋማ ሆኖ የከርሰ ምድር ውኃው ሥር በሚደርስበት ጥልቀት ላይ የሚገኝ ነበር። ውጤቱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ሆነ። ከዝርያው ልዩነት ይልቅ የዓመቱ የአየር ጠባይና አፈሩ በፍሬው ላይ የበለጠ ተጽዕኖ አደረጉ፤ ይህም የሆነው በአብዛኛው በውኃ በኩል ነው። ትላልቅ ፍሬና ደካማ ቀለም የተገኘው ከአሸዋው ላይ ነበር።

ከዚህ ላይ የልማት ሠራተኛው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። አሸዋ ውኃ አይይዝም ብለን አስተምረናል፤ እውነትም ነው። ሆኖም ከአሸዋው በታች ውኃ ካለ ተክሉ ከወራጅ ወንዝ ዳር እንደ ተተከለ ሾላ ዘመኑን ሁሉ ሲጠጣ ይኖራል። የላይኛውን አፈር በእጅ አሽቶ መፍረድ ያሳስታል የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ሸክላ አፈርና ስለ መረሬ

ፖሜሮል ውስጥ ፔትሩስ የሚባል 11.5 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የወይን እርሻ አለ። ጠጁ በዋጋ ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ሜርሎ የተባለው ዝርያ የተተከለበት መሬቱም ጠጠር ሳይሆን ሰማያዊ የመሰለ ከባድ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ስሜክታይት ከሚባለው ቤተሰብ ሲሆን ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። ይህን ስንገልጽ አንባቢው ወዲያው የሚያስበው የራሱን መረሬ ነው፤ አስተሳሰቡም ትክክል ነው። የደጋችን ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ወይም ኮቲቻ የምንለው፣ የሚያብጠውና የሚሰነጠቀው በዚሁ የማዕድን ቤተሰብ ምክንያት ነው።

ታዲያ በመረሬ ላይ ወይን እንትከል ማለት ነው? አይደለም። የፔትሩስ ሸክላ የሚገኘው ከአካባቢው ከፍ ብሎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 40 ሜትር ገደማ በሚደርስ ጉብታ አናት ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሸክላው አብጦ ይዘጋል፤ ውኃውም ወደ ታች ከመስረግ ይልቅ በጉብታው ጎን ይወርዳል። የሥሩ ጥልቀት ውስን ነው፤ ሸክላው የያዘውንም ውኃ አጥብቆ ስለሚይዝ ተክሉ የሚያገኘው በትግል ነው። በመሆኑም ሸክላ ሆኖ ሳለ የሚያደርገው ሥራ ጠጠሩ ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል፤ ጠጁ ግን ከሜዶኩ ይልቅ ለስላሳና ሞላ ያለ ነው። የእኛ መረሬ በአብዛኛው የሚገኘው ሜዳ ላይ ነው። የክረምቱ ዝናብ መሄጃ አጥቶ ይተኛበታል። የወይን ሥር አየር ካጣ ደግሞ ይበሰብሳል። ማዕድኑ አንድ ሆኖ አቀማመጡ ስለሚለያይ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል።

አንድ መሬት በአንድ ቅጥር ውስጥ

አቀማመጥ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ከቦርዶ ወጥተን በምሥራቅ ፈረንሳይ ወደምትገኘው ቡርጎኝ እንሻገር። በዚያ ክሎ ደ ቩዦ የሚባል፣ በመካከለኛው ዘመን የሲስተርሲያን መነኮሳት ያለሙትና በድንጋይ ቅጥር ያጠሩት ወደ 50 ሄክታር የሚጠጋ የወይን ማሳ አለ። ዝርያው ፒኖ ኗር የሚባል አንድ ቀይ ዝርያ ነው። ዛሬ ማሳው በብዙ ባለቤቶች የተከፋፈለ ሲሆን ሁሉም ጠጃቸውን በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ ሆኖም ገዢዎች ክፍሉ ከላይ ነው ከታች እያሉ ይጠይቃሉ። የላይኛው ክፍል ከኖራ ድንጋይ ላይ ያረፈ ስስ አፈር ያለበት ተዳፋት ነው። ወደ መንገዱ እየቀረበ ሲሄድ መሬቱ ሜዳ እየሆነ፣ ከላይ የታጠበው ሸክላና ደለል እየተከማቸ፣ እርጥበቱም እየበዛ ይሄዳል። ከላይ የሚገኘው ጠጅ ጠንካራና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ ከታች የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ላላ ያለ ነው። ልዩነቱን ለማየት በእግር ጥቂት ደቂቃ መሄድ ይበቃል።

በቡርጎኝ ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ማሳዎች በብዛት የሚገኙት በኮረብታው ወገብ ላይ ነው። አናቱ በጣም ስስና ነፋሻ፣ ግርጌው ጥልቅና እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ አየርም እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስስ ግርጌው ውርጭ ይበዛበታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የፈረንሳይ መጻሕፍት ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ እንዲመለከት አጥብቀው ይመክራሉ። ይህ ምክር ከምድር ወገብ 45ና 47 ዲግሪ ለራቀና ፀሐይ ወደ ጎን ለምታዘነብልበት አገር የተሰጠ ነው። እኛ 8 ዲግሪ አካባቢ ስለሆንን ፀሐይ ከአናታችን አትርቅም፤ ተዳፋቱ የሚመለከትበት አቅጣጫ ያን ያህል አያስጨንቀንም። ተዳፋት የምንፈልገው ለውኃው መውረጃ ነው። ሞቃት ጠጠር ዘግይቶ የሚበስለውን ካበርኔ ሶቪኞን ያበስላል የሚለውም ለቦርዶ እውነት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን የሙቀት እጥረት የለብንም። ምክር ሲቀዳ ምክንያቱም አብሮ መቀዳት አለበት።

ጠጁ የድንጋዩን ጣዕም ይወስዳልን?

ብዙ ሰው ይህን ያምናል፤ ሻጮችም ይወዱታል። የኖራ ድንጋይ ላይ የበቀለ ወይን ጠጅ ኖራ ኖራ፣ ጠጠር ላይ የበቀለው ድንጋይ ድንጋይ ይላል ይባላል። ሥር ግን ድንጋይ አይበላም። የሚወስደው በውኃ የሟሙ ጥቂት ንጥረ ነገሮችን ነው፤ እነዚህም በጠጁ ውስጥ የሚገኙት እጅግ ባነሰ መጠን ስለሆነ ምላስ አለት ብሎ የሚለያቸው አይደሉም።

ከንጥረ ነገሮች ውስጥ ሁለቱ ግን በተዘዋዋሪ መንገድ ትልቅ ሥራ ስለሚሠሩ ሊታወቁ ይገባል። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል ይበዛል፣ ጥላ ይበዛል፣ ሻጋታም ይበዛል። ለሽንኩርት የለመድነውን የዩሪያ መጠን ለቀይ ወይን መስጠት ጠጁን በገዛ እጅ ማሳሳት ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ የጭማቂው ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ቀዩ ቀለምም ድምቀቱን ያጣል። በስምጥ ሸለቆ ያለው ብዙው አፈራችን ፖታሲየም ስለማያንሰው ምርመራ ሳይደረግ ፖታሽ መጨመር አይመከርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የጉደር ስም በቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአዋሽ ሸለቆም ወይን ለረጅም ዓመታት ሲለማ ቆይቷል። በዝዋይ፣ በዛሬው ባቱ፣ አካባቢ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሸዋማ በሆነ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተተክለው የመጀመሪያው ጠጅ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርቧል። ከተከላ እስከ ገበያ ያለፈውን ጊዜ ልብ ይሏል።

የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆነን ሳለ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የልጣጩ ቀለምና የጭማቂው ኮምጣጣነት ይጠበቃል። ይህ ከፍታችን የሰጠን ስጦታ ነው። ክረምት ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ ስለሌለ ደግሞ ጊዜውን የምንወስነው በመግረዝ ነው። በጥቅምት የተገረዘ ወይን በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ማለትም በደረቁ ወራት ይበስላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ከፈረንሳይ በእጅጉ ይለየናል። በቦርዶ ውኃ የሚሰጠውና የሚነፍገው ሰማይና አፈር ነው። በእኛ ደረቅ ወራት ግን ውኃው የሚመጣው በቦይ ወይም በጠብታ መስኖ ነው። ይህ ማለት ግን አፈሩ ሥራ ፈት ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋማ አፈር ለተክል የሚሆን 60 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መካከለኛው አፈር 140 ያህል፣ ከባዱ ሸክላ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ውኃ ይይዛል። ግማሹ ጠጠር ከሆነ መጠኑም በግማሽ ይቀንሳል። ተክሉ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ይጠጣል ብለን ብናስብ የአሸዋው ጎተራ በ20 ቀን ባዶ ይሆናል፤ የሸክላው ግን ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። ስለሆነም በአሸዋ ላይ ያለ ገበሬ ቦዩን ሲዘጋ ተክሉ በሳምንት ውስጥ ይሰማዋል፤ ቦዩን ሲከፍትም እንዲሁ። በከባድ ሸክላ ላይ ያለው ግን ውኃ መከልከል ቢፈልግ እንኳ አፈሩ አይተባበረውም። ቀይ ወይን የሚፈልገው ገበሬው የሚያዝዘውን መሬት ነው።

ተክሉ መጠማት አለመጠማቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ የ50 ቀንበጦችን ጫፍ መመልከት ይበቃል። ጫፉ ከአዲሶቹ ቅጠሎች አልፎ ወደ ፊት ከታየ ተክሉ ገና በማደግ ላይ ነው። ጫፉ በቅጠሎቹ ተሸፍኖ ከቀረ ወይም ከደረቀ እድገቱ ቆሟል። ፍሬው ቀለም መለወጥ ሲጀምር አብዛኛዎቹ ጫፎች ቆመው መገኘት አለባቸው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ከጀመሩ ግን ጥሙ ስለበዛ ቀለል ያለ ውኃ መስጠት ይገባል። ይህን ቆጠራ በየሳምንቱ በደብተር የመዘገበ የልማት ሠራተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ የመሬቱን ጠባይ ከእኛ በተሻለ ሊያውቀው ይችላል።

ከራሳችን ስሕተት

ስለዚህ ጉዳይ ስንጽፍ የራሳችንን መሸሸግ አይገባንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ወይን ስንተክል ዋናውን ማሳ ያደረግነው ለቦዩ በሚቀርበው ጥልቅ አፈር ላይ ነበር። ችግኝ ሲተርፈን ደግሞ ባዶ ከሚቀር ብለን ጠጠር በበዛበት የላይኛው ዳርቻ ላይ ጥቂት መስመር ተከልን። የታችኛው ደን መሰለ፤ ጎብኚዎችን የምንወስደው ወደዚያ ነበር። ዘለላው ከባድ፣ ፍሬውም እንደ ፕሪም የወፈረ ነበር። የላይኛው አጭርና የገረጣ ስለሆነ በመዝገባችን ላይ «ደካማ» ብለን ጻፍንበት። ከሁለቱም በትናንሽ ጋን ስንጠምቅ የታችኛው እንደ ቀጭን ሻይ ሆነ፤ «ደካማ» ያልነው ግን ብርጭቆውን ከወዲያ ማዶ የማያሳይ ጥቁር ቀይ ሆኖ ወጣ። መዝገቡን አላረምነውም፤ ለአዳዲስ ባልደረቦቻችን እንዲታይ እንዳለ አስቀምጠነዋል።

ከመትከል በፊት ጉድጓድ

በሐይቁ አካባቢ ያለ አንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለወይን የመረጠውን መሬት እንድናይለት ጠርቶን ነበር። የመረጠው ከሁሉ የተሻለውን፣ ሽንኩርትና በቆሎ የሚያበቅለውን ቆላማ ጥቁር መሬት ነው። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለውድ ተክል ውድ መሬት ይገባዋል ከሚል የመጣ ነው። እኛም ሦስት ጉድጓድ እንዲቆፈር ጠየቅን፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከተዳፋቱ ወገብ፣ አንዱ ከላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት።

የታችኛው ጉድጓድ ከአንድ ሜትር በታች ግራጫ ሆኖ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ ነበረበት። ይህ ምልክት ውኃ በክረምት እዚያ ድረስ ወጥቶ እንደሚተኛ ያስረዳል። ከዳርቻው ላይም ነጭ የጨው ቅርፊት ታይቷል። ወይን ጨውን በመጠኑ ብቻ ይችላል፤ የአፈሩ ጨዋማነት በሜትር 1.5 ዴሲ ሲመንስ ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። የወገቡ ጉድጓድ 60 ሣንቲ ሜትር ያህል አሸዋማ አፈር፣ ከበታቹም ቀላልና ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አሳየን። የዛፍ ሥር በጠጠሩ ውስጥ አልፎ ወርዷል። ጉድጓዱን በውኃ ብንሞላው በማግሥቱ ጠዋት ደርቆ አገኘነው፤ የታችኛው ግን ከነውኃው ነበር። የላይኛው ጉድጓድ በ30 ሣንቲ ሜትር ላይ ከአለት ጋር ስለተጋጨ ቆፋሪዎቹ ተዉት።

በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ በዕድሜ የገፉ የማኅበሩ አባል፣ «ልጆቼ፣ በቆሎ እንኳ የሚያፍርበትን መሬት ነው የምትመርጡልን?» አሉን። «አዎ አባባ፣ በቆሎውን ከታች ይተዉት፤ እርስዎም ያተርፋሉ፣ ወይኑም ያተርፋል» ብለን መለስን። እርሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ «ምርቱስ በኩንታል?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህ የእርሳቸው ጥያቄ ከአፈር ጥያቄ ያነሰ አይደለም፤ እውነተኛ መልስም ያስፈልገዋል። ከተዳፋቱ ላይ የሚገኘው ምርት ከታችኛው ያንሳል። ገዢው ወይኑን በኪሎ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ጥሩ ጠጅ የሚሰጠውን መሬት የመረጠ ገበሬ ይከስራል፤ በእንዲህ ያለ ውል ተዳፋቱን ምረጡ ብለን ለመምከር ኅሊናችን አይፈቅድም። ስለዚህ ማኅበራት ችግኝ ከማዘዛቸው በፊት ከገዢው ጋር በሚዋዋሉት ውል ላይ ዋጋው በስኳር መጠንም እንዲወሰን መጠየቅ አለባቸው። ስኳሩን በእጅ በሚያዝ ትንሽ መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው፣ በማሳው ላይ ቆሞ መለካት ይቻላል። ለቀይ ወይን ጠጅ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 24 ብሪክስ ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ስለሚሰጥ ፋብሪካውም ቢሆን የዚህን ልዩነት ዋጋ አሳምሮ ያውቀዋል። መለኪያው በማኅበሩ እጅ መኖሩ፣ በገዢው በር ላይ በሚደረገው ልኬት ላይ ክርክር ሲነሣ ይጠቅማል።

ማኅበሩ ተወያይቶ ጥቁሩን መሬት ለሽንኩርትና ለበቆሎ እንዳለ ትቶታል። በተዳፋቱ ወገብ ላይ ግማሽ ሄክታር ብቻ ለሙከራ ለመትከል የወሰነ ሲሆን፣ ቀሪውን የሚተክለው የመጀመሪያው ምርት ተለክቶ ዋጋው በጽሑፍ ከታወቀ በኋላ ነው። ከሦስቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ለከብት አደጋ እንዳይሆኑ ተደፍነዋል። የወገቡ ጉድጓድ ግን በእሾህ ታጥሮ ክፍት ስለሆነ፣ በዚያ የሚያልፍ የልማት ሠራተኛ ወርዶ የጠጠሩን ንጣፍና የሥሩን አካሄድ በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል።